ከተማው ነፃ ወጣ፤ ደመወዙ ግን አልደረሰም

ልደታ_ንባብ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የንባብ ክበባችን ቅዳሜ ከሰዓት ልደታ ይገናኛል። የዚህ ወር ጉዳያችን የፈረሰ መንግሥትን መልሶ ማቆም ነው፤ ያውም ሽብሩም ሙስናውም ሳይለቅ። አገሩን ሶማሊያ አድርገነዋል። ጎረቤት ናት፤ ጉዳይዋ የሚመከርበት የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤትም ከምንሰበሰብበት ቦታ በእግር ይደረሳል።

ጥያቄዬ ጠበብ ያለ ነው። አደን ያባል የምትባለውን ከተማ ውሰዱ። የመንግሥት ጦር በዲሴምበር 2022 ከአልሸባብ አስለቀቃት፤ በኤፕሪል 2025 አልሸባብ መልሶ ያዛት። በመካከሉ ሁለት ዓመት ከአራት ወር አለ። አንዲት ከተማ በተያዘች ማግስት ምን ቢሠራ ነው ተመልሳ የማትሄደው? «መልካም አስተዳደርን ማስፈን» የሚል መልስ አልፈልግም፤ እሱን ከቢሮ ግድግዳ ላይ እናነበዋለን። ምን ይሠራል፣ ማን ይሠራዋል፣ የቱ ጋ ይበላሻል፣ እንዲያ አድርጋችሁ ጻፉልኝ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይሁኑ፣ እንዳንደናገር።

ባለደረሰኝ

ከደመወዝ ጀምሪ እህቴ። ከተማ የሚጠብቀው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ባዶ ሆዱን ምሽግ ውስጥ አይከርምም።

ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ገንዘቡ አይደለም፤ የሚሄድበት መንገድ ነው የተበላሸው። በቆየው አሠራር ጥሬ ገንዘቡ ከመከላከያ ይወጣና ለክፍለ ጦር አዛዥ ይሰጣል፤ ከእሱ ለሻለቃ፣ ከሻለቃ ለሻምበል እየተከፋፈለ ይወርዳል። በየደረጃው ይሸረፋል። መሸረፉስ ይሁን፤ የባሰው አዛዡ ገንዘብ የሚቀበለው በሰው ቁጥር ስለሆነ ቁጥሩን ማሳበጥ ይጠቅመዋል።

ሒሳቡን እንሥራው። በወረቀት 600 ሰው ያለው ሻለቃ እንበል፤ በአካል ያለው 420። ደመወዙ በወር 200 ዶላር ቢሆን በሌሉት 180 ሰዎች ስም በወር 36,000 ዶላር፣ በዓመት 432,000 ዶላር ይወጣል። ስንቁና ነዳጁ ገና አልተቆጠረም። አሁን ደግሞ የዘመቻ ዕቅድ የሚያወጣውን መኮንን አስቢ። ካርታው ላይ 600 ብሎ ጽፏል፤ ለ600 ሰው የሚበቃ ግንባር ይሰጣል። ከ420ው ላይ ፈቃድ የወጣውን፣ የታመመውን፣ እጀባ የሄደውን ስትቀንሺ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ምሽግ ውስጥ የሚገኘው ከ300 ብዙም አይዘልም። ጥቃቱ የሚመጣው ደግሞ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ነው።

ኢራቅ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሞሱል በጁን 2014 በቀናት ውስጥ ወደቀች። ዓመቱ ሳያልቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሐይደር አል አባዲ 50,000 የሌሉ ወታደሮች ደመወዝ ሲወጣላቸው እንደነበር ለፓርላማ ተናገሩ።

ካዛንቺስ_የነበረ

በቴሌብር መላክ ነዋ! ምን ያስጨንቃል። ሶማሊያ እኮ በስልክ ገንዘብ ከእኛ ትቀድማለች፤ ሻይ ሳይቀር በስልክ ነው የሚከፈለው።

ጋሽ መዝገቡ

ልጆች፣ ለነገሩ መሠረት እንዲሆን አንድ ልበል። ይህ የሩቅ አገር ችግር አይደለም። በእኛም አገር ወታደር ደመወዝ ሳይኖረው ገበሬ ቤት ገብቶ ይቀለብ ነበር። የገበሬውን በግ ያርዳል፣ ጠጁን ይጠጣል። አጼ ቴዎድሮስ ይህን በደመወዝ ሊተኩት ሞክረው ገንዘቡን የሚያመጣው ግብር ስላልቆመላቸው አልዘለቀላቸውም። አጼ ምኒልክ በ1892 አስራት ያስወጡት ለዚሁ ነው፤ ገበሬው ከምርቱ አሥር እጅ አንዱን ይስጥ፣ ወታደሩ ግን ከቤቱ ይውጣለት ተብሎ።

የዛሬው የሶማሊያ ኬላ ያው የገበሬው ቤት ነው። ደመወዝ ያልደረሰው ወታደር ገመድ ይዘረጋና ከሚኒባስ ላይ ይበላል። ገመዱን ብቻ ቆርጣችሁ ብትሄዱ ማታ ተመልሶ ይዘረጋል።

ባለደረሰኝ

@ካዛንቺስ_የነበረ በስልክ መላክ ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። አፍጋኒስታን ውስጥ በ2009 ዋርዳክ ግዛት ጃልሬዝ ወረዳ ላይ ለጥቂት ፖሊሶች ደመወዛቸው በስልክ ተላከላቸው። ፖሊሶቹ የደመወዝ ጭማሪ የተደረገላቸው መሰላቸው፤ ለካ ከዚያ በፊት ከሦስት እጅ አንድ ያህሉ መንገድ ላይ ይቀር ነበር! ወዲያው ደግሞ አንድ አዛዥ የበታቾቹን ሲምና የምስጢር ቁጥር ሰብስቦ እነሱን ወክሎ ገንዘቡን ማውጣት ጀመረ። ሌባውም ይማራል።

ሁለተኛው ችግር ጥሬ ገንዘብ ነው። 420 ሰው በ200 ዶላር 84,000 ዶላር ነው። ጥሬ ገንዘብ በሚሠራበት አገር የትንሽ ከተማ ወኪል ይህን ያህል በአንድ ቀን አይዝም፤ ወታደሩ ሲሰለፍ ይውልና «ቅናሽ ካደረግክ አሁን እሰጥሃለሁ» የሚል ደላላ ያገኘዋል። በዚህ ረገድ ሶማሊያ ዕድለኛ ናት፤ ዶላሩ ስልክ ላይ እንዳለ ይገበያያልና ማውጣት ብዙም አያስፈልግም። በዚህ ላይ ሽልንጉ መንግሥቱ ከፈረሰበት ከ1991 ወዲህ በወግ አልታተመም፣ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ሐሰተኛ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። በሙያው የክፍያ ሰንሰለትን ከዕዝ ሰንሰለት መለየት ይሉታል። አዛዡ ሰው ያዛል፣ ገንዘብ አይነካም።

በመጀመሪያ ቆጠራ ነው። በሁሉም ካምፕ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት። ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ከተባለ ያው መቶ ሰው በጭነት መኪና ተጉዞ ሁለት ቦታ ይቆጠራል። በር ይዘጋል፤ የሌለ ሰው የት እንዳለ በጽሑፍ ይያዛል፣ ሆስፒታል ነው ከተባለ ሆስፒታል ሄዶ ማየት ነው። ከእያንዳንዱ የአሥር ጣት አሻራ፣ ፎቶ፣ የእናት ስም፣ የተጠሪ ስም፣ የያዘው ጠመንጃ ቁጥር ይወሰዳል። አንድ ጣት ብቻ አትውሰዱ፤ በጉልበት ሥራ አሻራው የጠፋ ብዙ ሰው አለ፣ ማሽኑ በየወሩ «አላውቅህም» ይለዋል። የጠመንጃ ቁጥሩ ደግሞ መሣሪያው አንድ ቀን ገበያ ላይ ሲገኝ ከማን እጅ እንደወጣ ይናገራል።

ከዚያ አንዱ አሻራ በሁለት ስም መግባት አለመግባቱ ይጣራል። ቀጥሎ ገንዘቡ ከማዕከላዊ ባንክ በቀጥታ ወደ ወታደሩ ሒሳብ ይገባል። አዛዡ የሚፈርመው የመገኘት መዝገብ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ከሌላ ክፍል በመጣ ታዛቢ ፊት። ታዛቢው በየሦስት ወሩ ይቀየር። ከዚያ በላይ ከቆየ ይላመዳል፤ «ይላመዳል» ያልኩት በጨዋ አማርኛ ነው።

የክፍያ ቀን አይነቃነቅም። ወታደር ትንሽ ደመወዝ ይችላል፤ የማይችለው መቼ እንደሚመጣ የማይታወቀውን ነው።

ሜክሲኮ_አደባባይ

ባለደረሰኝ ያስቀመጠውን ሶማሊያ በከፊል አድርጋዋለች። በዲሴምበር 2017 አሜሪካ በሙስና ምክንያት ለአብዛኛው የሶማሊያ ጦር ትሰጥ የነበረውን የምግብና የነዳጅ ዕርዳታ አቋረጠች፤ በዚያው ዓመት ጦሩ ሻለቃ በሻለቃ ተመርምሮ ብዙ የጎደለው ሆኖ ተገኝቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የአሻራ ምዝገባ ተካሄደ፣ በ2019 ደመወዝ ወደ ግለሰብ ሒሳብ መግባት ጀመረ። ያኔም ቢሆን በምዝገባው ወቅት ያልተገኙና ደመወዛቸው የዘገየባቸው ወታደሮች አንዳንድ ካምፕ ጥለው ወጥተዋል። ስለዚህ ከምዝገባው ጋር የቅሬታ ሳምንት አብሮ መታቀድ አለበት። ቢያንስ የመጀመሪያው ወር ላይ ስሙ የጠፋበት ሰው እስኪጣራ ድረስ ጊዜያዊ ክፍያ ይሰጠው። የሌለውን ለመያዝ ያለውን ማስራብ ኪሳራ ነው።

ደመወዝ ከተስተካከለ በኋላ ሌብነቱ ወደ ስንቅ ይሸሻል። በአሜሪካ የሠለጠነውና ምርጥ የሚባለው የዳናብ ኮማንዶ ሳይቀር በ2024 የስንቅ ስርቆት ተገኝቶበት የተወሰኑ አባላቱ ታግደው ታስረዋል። ለስንቅ መፍትሔው ቀላል ነው፣ ማንም ስለማይወደው ነው የማይደረገው፤ ሩዝና ዘይት የሚሰፈረው በወረቀቱ ቁጥር ሳይሆን በዕለቱ የመገኘት መዝገብ ይሁን። ነዳጅ ደግሞ በተሽከርካሪው ኪሎሜትር ንባብ። ቆሞ የሚውል መኪና በወር 400 ሊትር የሚጠጣ ከሆነ የሚጠጣው መኪናው አይደለም።

ሶማሊያ ስላለው የአፍሪካ ኅብረት ጦርም አንድ ነገር። ቀድሞ አሚሶም ይባል የነበረው የዚህ ጦር ወታደር በወር 1,028 ዶላር ይመደብለት ነበር፤ ገንዘቡ በየመንግሥታቱ በኩል ስለሚያልፍ 200 ዶላር ገደማ እየተቆረጠ ይደርሰዋል። የአውሮፓ ኅብረት በ2016 ድርሻውን በ20 በመቶ ሲቀንስ ጦር ያዋጡ አገሮች አኮረፉ። አሚሶም በ2022 በኤትሚስ ተተካ፣ ኤትሚስም በጃንዋሪ 2025 በኦሶም፤ ስሙ ሲቀያየር የገንዘቡ ጥያቄ ግን እዚያው ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2023 ባጸደቀው ውሳኔ 2719 እስከ 75 በመቶ የሚሆነውን ወጪ ከአባላቱ መዋጮ ለመሸፈን መንገድ ተከፍቶ ነበር፤ ለኦሶም ግን አሜሪካ አልተስማማችም።

ጋሽ መዝገቡ

ባለደረሰኝ ልጄ፣ አንድ ነገር ዘለልክ። የሞተ ወታደር ስም ከመዝገብ የማይፋቀው ሁልጊዜ ለስርቆት አይደለም። ጡረታ በሌለበት ጦር አዛዡ የሟቹን ደመወዝ ለሚስቱ ይሰጣል። እግሩ የተቆረጠውንም በስሙ ያኖረዋል። አሻራ ይዛችሁ ገብታችሁ ይህን ሁሉ «የሌለ» ብላችሁ ብትፍቁት በአንድ ቀን መበለቲቱን አስርባችሁ፣ አዛዡን አዋርዳችሁ፣ ሌባውንም ጻድቁንም አንድ አድርጋችሁ ትወጣላችሁ።

ባለደረሰኝ

ልክ ነዎት ጋሼ፤ ስህተቴ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ከቆጠራው በፊት የሟች ቤተሰብና የቁስለኛ መዝገብ ለብቻው ይከፈታል፤ አዛዦችም የሠላሳ ቀን ምሕረት ይሰጣቸዋል። በዚያ ውስጥ የሞተውን «ሞቷል» ብሎ ያስመዘገበ አዛዥ አይጠየቅም፣ ቤተሰቡም ክፍያው ይቀጥልለታል። ከሠላሳ ቀን በኋላ የተገኘ ስም ግን ያስጠይቃል። ገንዘቡ ያው ነው፤ ልዩነቱ ምሽግ ከሚቆጥረው ዝርዝር መውጣቱ ነው።

ስድስት_ኪሎ

ሁላችሁም ደመወዝ ላይ ተከመራችሁ። እኔ ዳኛ ይቅደም እላለሁ።

ሰው ለምን አልሸባብ ጋ ይሄዳል ብላችሁ ጠይቁ። መንግሥት ከያዘው ሞቃዲሾ ተነሥቶ፣ በአውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ቡድኑ ወደያዘው ቦታ ሄዶ የመሬት ክርክሩን የሚያስወስን ሰው አለ። ሃይማኖቱን ወይም ቡድኑን ወድዶ ላይሆን ይችላል። እዚያ ጉዳዩ ቶሎ ያልቃል፣ ጉቦ አይጠየቅም፣ ውሳኔው ይፈጸማል። የተረታ ሰው ቤቱን ለቅቆ ይወጣል፤ ካልወጣ ምን እንደሚመጣበት ያውቃል። በመንግሥት ፍርድ ቤት ተረትቶም ሥልጣን ያለው ዘመድ ካለው አይወጣም።

ከጦርነት በኋላ ዋናው ክርክር መሬትና ቤት ነው። ከ1991 ወዲህ ሰው ሸሽቷል፣ ሌላው ገብቷል፣ ያም ሸጦ ሄዷል። አንድ ቦታ ላይ ሦስት ካርታ ይገኛል፤ ሦስቱም ማኅተም አላቸው! ጦሩ አንዱን ጎሣ ይዞ ከገባ ደግሞ ያ ጎሣ የሌላውን ቤት ይይዛል፣ የተነቀለው ወገን ልጁን ለአልሸባብ ይሰጣል። ከተማዋ የጠፋችው ያን ቀን ነው፤ ተኩሱ ዘግይቶ ይመጣል።

በተግባር እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማንም የያዘው ቤት ባለበት ይታገዳል፤ መሸጥም ማፍረስም መገንባትም የለም። ሦስት ዳኞች ከአካባቢው ውጭ ይመጣሉ፣ ሁለት የአገር ሽማግሌ ከየወገኑ ይቀመጣል። የሶማሌ ባህላዊ ሕግ፣ ሔር የሚሉት፣ ለደም ካሣና ለግጦሽ ጥሩ ይሠራል፤ ለሴት ወራሽና ቁጥሩ ላነሰ ጎሣ ግን ደካማ ነው፣ ምክንያቱም ካሣውን የሚያስከፍለው የጎሣህ ጡንቻ ነው። ስለዚህ የሽማግሌው ስምምነት በዳኛ ፊት ይጻፍ፣ በሦስት ቅጂ፣ አንዱ ከከተማው ውጭ ይቀመጥ። መዝገብ ቤት መቃጠሉ አይቀርምና።

ቀጠሮ ከሁለት በላይ አይሰጥም። ለውሳኔ አፈጻጸም የተመደበ ፖሊስ ይኑር፤ 15 ሰው ለአንድ ከተማ ይበቃል፣ ሌላ ሥራ ግን አይሰጣቸው። ፍርድ አግኝቶ ማስፈጸሚያ ያጣ ሰው ፍርድ ካላገኘው በላይ ይናደዳል።

ዳኛው ደግሞ የት ያድራል? ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል። አልሸባብ አድብቶ የሚገድለው ዳኛና ግብር ሰብሳቢን ነው። ግቢው ውስጥ መኝታ፣ ውሃና ጄኔሬተር ካልተዘጋጀለት ዳኛው በሁለተኛው ሳምንት ሞቃዲሾ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን «የወረዳ ፍርድ ቤት ተቋቁሟል» ተብሎ ሪፖርት ወጥቷል።

ካዛንቺስ_የነበረ

ሦስት ካርታ፣ ሦስቱም ማኅተም ያለው... ይሄ ታሪክ ከሞቃዲሾ ነው ወይስ ከዚሁ ከ

አወያይ

@ካዛንቺስ_የነበረ እዚህ ላይ ተወው፤ ክሩ የሶማሊያ ነው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ለብቻው ክር ይከፈትለት።

ካዛንቺስ_የነበረ

እሺ አወያይ። ሰፈሬ እንኳ ፈርሶ ስሙ ነው የቀረኝ፣ እሱን አትንኩብኝ። ለመሆኑ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ የቆመው ዓለም በቃኝ እስር ቤት በነበረበት ቦታ ላይ መሆኑን ክበባችሁ ያውቃል? ለውይይቱ መክፈቻ ትሆናለች።

ሜክሲኮ_አደባባይ

ወደ ኬላው ልመለስ፤ ጋሽ መዝገቡ የነኩት ትልቅ ነገር ነው።

ኬላ ላይ ሁለት ሥራ ይቀላቀላል፤ ፍተሻና ቀረጥ። መቀላቀል የለባቸውም። ቀረጥ ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜ ሰልፍ ይፈጥራል፤ ሰልፍ ዒላማ ነው። ዲሴምበር 28 ቀን 2019 ሞቃዲሾ ኤክስ ኮንትሮል በሚባለው የአፍጎዬ መገናኛ የፈነዳው የጭነት መኪና ከ80 በላይ ሰው የገደለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቦታው ቀረጥ የሚሰበሰብበት ነበር፣ በተሽከርካሪ ተጨናንቋል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የያዘ አውቶቡስ በአጠገቡ ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት፣ በኦክቶበር 14 ቀን 2017፣ ዞቤ አደባባይ ላይ የፈነዳው ደግሞ 587 ሰው ጨርሷል። ያ መኪና ወደ መሃል ከተማው የገባው በኬላ አልፎ ነው። ኬላው ሳንቲም ሲለቅም ሙሉ የጭነት መኪና ያሳልፋል።

ፍተሻው እንዲህ ይደራጅ። የመጀመሪያው መቆሚያ ከሕዝብ መኖሪያ ርቆ፤ የኮንክሪት ብሎኮቹ መኪናው እየተጠማዘዘ በዝግታ እንዲመጣ በመዞሪያ ተደርድረው። ከባድ መኪናና ሚኒባስ በተለያየ መስመር። ፈታሹ አንድ፣ ከኋላ ሆኖ የሚጠብቀው ሌላ፣ ሁለቱ አንድ ላይ አይቆሙም። በስድስት ሰዓት ፈረቃ፤ ከዚያ በላይ ሰው ያያል እንጂ አያስተውልም። የፈረቃው ዝርዝር ጠዋት ይውጣ እንጂ ከሳምንት በፊት አይለጠፍ፤ ጉቦ ሊሰጥ ያሰበ ሰው ማን መቼ እንደሚቆም ቀድሞ ማወቅ ይፈልጋልና። እዚያ ቦታ ገንዘብ ፈጽሞ አይነካ፤ ወታደሩ ኪስ ውስጥ ከተገኘ ያስጠይቅ።

ባለደረሰኝ

ቀረጡ ደግሞ ወደ ገበያው መግቢያ ወይም ወደ ወደቡ ይሂድና በስልክ ይከፈል። የአልሸባብን አሠራር መመልከት ያሳፍራል ግን ያስተምራል። የጭነት መኪና ባለቤት አንድ ጊዜ ይከፍላል፣ ደረሰኝ ይሰጠዋል፣ በያዘው ደረሰኝ እስከሚደርስበት ድረስ ማንም ዳግም አይጠይቀውም። በመንግሥት በኩል ግን በየኬላው ይከፍላል፣ ደረሰኝ የለም፣ ዋጋው እንደ ወታደሩ ፊት ነው። ሹፌር ምን ይመርጣል? ሒራል የተባለው የሞቃዲሾ የጥናት ተቋም በ2020 እንዳወጣው ቡድኑ በወር ቢያንስ 15 ሚሊዮን ዶላር ይሰበስባል፤ ከግማሽ በላዩን መንግሥት ከተቀመጠበት ከሞቃዲሾ። የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች ወደቡ ላይ የሚገባው የዕቃ ዝርዝር ሳይቀር እንደሚደርሰው ጽፈዋል። ነጋዴውን «ለአሸባሪ አትክፈል» ብሎ ማሰር ከንቱ ነው። ዝርዝሩን አሾልኮ የሚሰጠው የወደብ ሠራተኛ ነው መያዝ ያለበት።

ስለዚህ አንድ ታሪፍ፤ በትልቅ ሰሌዳ በሶማሊኛ ተጽፎ ይሰቀል፣ ለምሳሌ ለስኳር በኩንታል ይህን ያህል፣ ለግመል በራስ ይህን ያህል። አንድ ደረሰኝ፣ ተከታታይ ቁጥር ያለው። ማታ ማታ የደረሰኙ ጉርድና ስልኩ ላይ የገባው ገንዘብ ይመሳከራል። የከተማው ድርሻም በግልጽ ይቀመጥ፤ ከሰበሰበው ምንም የማይቀርለት የወረዳ አስተዳዳሪ በጎን ይሰበስባል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባልበት ቦታ ላይ ሹመቱ ራሱ በስድስት ወር የሚያልቅ ከሆነ ቁጭቱ በጠዋት ይጀምራል፤ ቢያንስ የሁለት ዓመት ውል ስጡት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የጎሣ ታጣቂዎችን ኬላ ስታነሡ ሰዎቹን ምን እንደምታደርጓቸው ሳትወስኑ አታንሡ። ሦስት ኪሎሜትር ፈቀቅ ብለው ይተክሉታል፤ ያውም ጫካ ውስጥ፣ ከማታዩበት።

ልደታ_ንባብ

ለታጣቂዎቹስ ምን ይደረግ? በ2022 ሒራን ውስጥ በአልሸባብ ላይ የተነሡት ማዓዊስሌይ የሚባሉት ብዙ ቦታ እንዳስለቀቁ አንብቤያለሁ። ውለታ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ሜክሲኮ_አደባባይ

ውለታ አላቸው፣ ያለ እነሱ የ2022ቱ ዘመቻ አይታሰብም። ግን የሚያውቁት የራሳቸውን መሬት ነው። የራሳቸውን አስለቅቀው የሌላ ጎሣ መሬት ሲደርሱ ይቆማሉ፣ ካልቆሙም ይባሳል። መደበኛው ጦር ደግሞ ፊት ለፊት እየሮጠ ከኋላው የሚጠብቅ ሳይተክል ይሄዳል። በኦገስት 2023 ኦስዌይን ላይ ጦሩ ክፉኛ ተመታ፤ በዚያው ሰሞን ያለ ውጊያ ጭምር ጥሎ የወጣቸው ከተሞች አሉ። ለመያዝ የሚበቃ ሰው ሳይኖር ማስለቀቅ ነዋሪውን ማስበላት ነው፤ መንግሥትን የተቀበለውን ሰው ስም እየጠራ የሚቀጣ ኃይል ይመለሳል። በሚቀጥለው ጊዜ ማንም በር አይከፍትልህም።

ለታጣቂዎቹ ሦስት መንገድ አለ፤ የአሻራውን ምዝገባ አልፎ ወደ ጦሩ መግባት፣ የወረዳ ፖሊስ መሆን፣ ወይም መሣሪያውን አስመዝግቦ ወደ ከብቱ መመለስ። ጎሣው ሙሉ ሻለቃ ሆኖ ከነአዛዡ አይገባ። ተበትኖ ይግባ።

ጋሽ መዝገቡ

ትጥቅ ማስፈታት ላይ ከላይቤሪያ ብዙ ይቀሰማል። በዲሴምበር 2003 ሽፍሊን በሚባለው ካምፕ ሥራው ሲጀመር ከተጠበቀው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ታጣቂ መጣ። የሚበቃ ውሃም መኝታም ሰላም አስከባሪም አልተዘጋጀም፤ ረብሻ ተነሣ፣ ሰው ሞተ፣ ሥራው ተቋርጦ በኤፕሪል 2004 እንደገና ተጀመረ።

በመጨረሻ የተመዘገበው ከ103,000 በላይ ሰው ነው፤ የተሰበሰበው ጠመንጃ ግን 28,000 ገደማ። እንዴት ቢባል፣ ጠመንጃ የሌለው 150 ጥይት ይዞ ቢመጣ ይቀበሉት ነበር። አዛዦች ጥይቱን ለዘመድ ለጎረቤት እያከፋፈሉ ሰው ላኩ፣ ከሚከፈለው 300 ዶላር ላይም ድርሻቸውን ቆረጡ። መለኪያውን እንደሠራችሁት ሰዉ ይሠራችኋል።

ከዚያ የሚወሰደው በጎ ነገር ክፍያው ለሁለት መከፈሉ ነው፤ 150 ከካምፕ ሲወጣ፣ 150 ከወራት በኋላ በሚኖርበት ቦታ። ሁለተኛው ቦታው መድረሱን ያስረግጣል።

ስድስት_ኪሎ

ከአልሸባብ ለሚወጡትም መንገድ ያስፈልጋል ጋሼ። ሶማሊያ የማቋቋሚያ ማዕከሎች አሏት፣ ሞቃዲሾ ያለው ሰረንዲ ይባላል። ደህንነቱ ይመረምርና አደጋው ዝቅተኛ የተባለው ወደ ማዕከል፣ ከፍተኛ የተባለው ወደ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ክፍተቱ «ዝቅተኛ» እና «ከፍተኛ» የሚለው በምን እንደሚለይ በጽሑፍ አለመቀመጡና ይግባኝ አለመኖሩ ነው። እዚያ ላይ ዘመድ ይገባል። ሰው ከመውጣቱ በፊት ደግሞ የሚመለስበት መንደር ሽማግሌ ተጠርቶ «እንቀበለዋለን» ብሎ መፈረም አለበት፤ ካልሆነ መሸሸጊያ አጥቶ ወደ መጣበት ይመለሳል።

ባለደረሰኝ

ከላይ ያለውን ግምጃ ቤትም ሳንነካ አንለፍ። ላይቤሪያ በ2005 የሁለት ፊርማ አሠራር ተቀብላለች፤ በማዕከላዊ ባንኩ፣ በወደቡ፣ በአየር ማረፊያው የውጭ ባለሙያ ካልፈረመ ገንዘብ አይወጣም ነበር። ገቢው ጨመረ። ድክመቱ የአገሬው ሠራተኛ ውሳኔውን ለፈረንጁ ትቶ መቀመጡና ባለሙያው ያልተመደበበት ቢሮ እንደ ቀድሞው መቀጠሉ ነው። ሶማሊያ ለዘብ ያለ መንገድ መርጣ በ2014 የመንግሥትም የለጋሾችም ሰዎች ያሉበት የፋይናንስ አስተዳደር ኮሚቴ አቋቋመች፤ ኮሚቴው ትላልቅ ውሎችን ከመፈረማቸው በፊት ያያል። እሱም ሌላውም ተደማምሮ በዲሴምበር 2023 የዕዳ ስረዛው አለቀ፤ በ2018 5.3 ቢሊዮን ዶላር የነበረው የውጭ ዕዳ ወደ 600 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። በሙስና ሠንጠረዡ ላይ ግን አሁንም ከታች ነች። ሚኒስቴሩ ሲጸዳ ኬላው ገና ነው፤ ሁለቱ በአንድ ፍጥነት አይሄዱም።

ልደታ_ንባብ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የማባዛው አንድ ገጽ ብቻ ስለሆነ አንድ ነገር ልወስን። ደመወዝ ይቅደም ወይስ ዳኛ?

ስድስት_ኪሎ

ዳኛ። የቤት እግዱ በመጀመሪያው ቀን ካልታወጀ በሠላሳኛው ቀን የሚታገድ ቤት አይኖርም፤ ሁሉም ተይዟል።

ባለደረሰኝ

እግዱን የሚያስከብረው ማን ነው? ደመወዝ ያልደረሰው ፖሊስ?

ጋሽ መዝገቡ

ሁለታችሁም ስለ አንድ ሰው ነው የምታወሩት። እነዚያን 15 የአፈጻጸም ፖሊሶች በመጀመሪያው ቀን መዝግቡ፣ በመጀመሪያው ወር ክፈሉ፣ እግዱን አብረዋቸው አውጁ። የጦሩ ቆጠራ ምሕረቱ ካለቀ በኋላ ይመጣል።

ባለደረሰኝ

ተስማማሁ ጋሼ። @ልደታ_ንባብ ስታባዢው አንድ ነገር አደራ፤ 600 እና 420 ያልኩት ለስሌት ያህል የወሰድኩት ምሳሌ መሆኑን በትልቁ ጻፊ። ካልሆነ ቅዳሜ አንዱ ተነሥቶ «የትኛው ሻለቃ ነው?» ይላል፣ ውይይቱም እዚያው ላይ ያልቃል።